ስለ ፊልጵስዩስ ከተማና በወንዝዋ ዳር ስለ ተጀመረችው ቤተ ክርስቲያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ሁላችሁም ሰምታችሁታል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የሐዋርያውን የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት ሊያነብ በቆመ ጊዜ፥ አንድ ቀን ወደ ሮሜ ሰዎች፥ ሌላ ቀን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች እንደሚል፥ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የሚልበት ቀን አለ። ነገር ግን ስምን መስማት ብቻውን በቂ አይደለም። ከተማይቱ የት እንደ ነበረች፥ ማን እንደ ቈረቈራት፥ ሰዎችዋ በምን ይመኩ እንደ ነበር፥ በመጨረሻውም ምን እንደ ደረሰባት ሳናውቅ ብንቀር፥ መልእክቱን ስንሰማ ግማሹን ብቻ የሰማን ያህል ነው። ደብዳቤ የሚገባን የጻፈውን ሰው ብቻ ሳይሆን የተጻፈለትንም ሰው ስናውቅ ነውና።

በዚህ ንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፊልጵስዩስ የነበረችው በዛሬው የግሪክ አገር በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ጥንትም ዛሬም መቄዶንያ በሚባለው ምድር ነው። ካቫላ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ናጱሌ ተብላ የተጻፈችው ወደብ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው፥ ኰረብታውን ወጥቶ ሲወርድ ሰፊ ሜዳ ይገጥመዋል። ከሜዳው ማዶ ጳንጌዎን የተባለው ተራራ ይታያል። ከተማይቱ በሜዳው ጫፍ፥ በአንድ ቀጥ ያለ ኰረብታ ሥር ተሠርታ ነበር። ከእርስዋም በስተ ምዕራብ ጋንጊቴስ የተባለ ወንዝ ይፈስሳል። ይህ ወንዝ ትልቅ አይደለም፤ ዓባይን ወይም ተከዜን ያየ ኢትዮጵያዊ ምንጭ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሆኖም በዓለም ላይ ካሉት ከታላላቆቹ ወንዞች ብዙዎቹ በቅዱስ መጽሐፍ ሳይታሰቡ ሲቀሩ፥ ይህ ትንሽ ወንዝ ስሙ ሳይጠራ ዳርቻው ተመዝግቦለታል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለከተዋለን።

የከተማይቱ የመጀመሪያ ስም ክሬኒዴስ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ምንጮች ማለት ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ360 ዓመት ገደማ ከታሶስ ደሴት የመጡ ግሪኮች ስለ ውሃው ብዛትና በአካባቢው ስለሚገኘው ወርቅ ሲሉ ሰፈሩባት። ዳሩ ግን የጎረቤት ነገዶች ስላስቸገሩአቸው የመቄዶንያ ንጉሥ ፊልጶስ እንዲረዳቸው ጠየቁ። ይህ ፊልጶስ የታላቁ የእስክንድር አባት ነው። በ356 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሡ መጣ፤ ሊረዳ የተጠራውም ባለቤት ሆኖ ቀረ። ከተማይቱን በራሱ ስም ፊልጵስዩስ ብሎ ጠራት፤ በቅጥርም ከለላት። የወርቁን ማዕድን እያስቈፈረ በየዓመቱ ከ1,000 መክሊት የሚበልጥ ገቢ ያገኝ እንደ ነበር ዲዮዶሮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ጽፎልናል። በዚያ ወርቅ ወታደር ተቀጠረበት፥ ከተሞች ተገዙበት፥ ለልጁ ዘመቻም መንገድ ተጠረገበት። የከተማይቱ የመጀመሪያ ክብር እንግዲህ ወርቅ ነበር። ወርቁ ሲያልቅ ግን ክብሩም አብሮ ጐደለ። በኋላ ሮማውያን በ168 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መቄዶንያን ድል አድርገው ሲይዙ፥ ፊልጵስዩስ አነስተኛ ከተማ ነበረች።

ሁለተኛው ክብርዋ ደግሞ የጦርነት ክብር ነው። ሮማውያን ከምዕራብ ባሕር እስከ ምሥራቅ የሚደርሰውን ኤግናትያ የተባለውን ታላቅ የድንጋይ መንገድ በመቄዶንያ ላይ ሠርተው ነበርና፥ መንገዱ በፊልጵስዩስ መካከል ያልፍ ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ42 ዓመት በጥቅምት ወር፥ ዩልዮስ ቄሣርን የገደሉት ብሩቶስና ካስዮስ በአንድ ወገን፥ የቄሣርን ደም ሊበቀሉ የተነሡት አንጦንዮስና ኦክታቭያኖስ በሌላ ወገን ሆነው፥ ሁለት መቶ ሺህ ያህል የሚገመት ሠራዊት ይዘው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ባለው ሜዳ ተጋጠሙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዋጉ። በመጀመሪያው ካስዮስ፥ በሁለተኛው ብሩቶስ ራሱን ገደለ። የሮም ሕዝባዊ መንግሥት ተስፋ በዚያ ሜዳ ላይ ተቀበረ። ኦክታቭያኖስም ከዚያ በኋላ አውግስጦስ ቄሣር ተባለ፤ ጌታችን በተወለደ ጊዜ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው እርሱ ነው።

ድል አድራጊዎቹ ዘመናቸውን ለፈጸሙ ወታደሮች በፊልጵስዩስ መሬት አደሉ፤ ከተማይቱም የሮማውያን ቅኝ ተባለች። ይህ ቃል በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 16 ተጽፎ እናገኘዋለን። ትርጕሙን በሚገባ ልናስተውለው ያስፈልጋል። የፊልጵስዩስ ዜጋ በመቄዶንያ ምድር ቢኖርም በሕግ ፊት በኢጣልያ መሬት ላይ እንደሚኖር ይቈጠር ነበር። የመሬት ግብር አይከፍልም፤ በሮም ሕግ ይዳኛል፤ ስሙም በሮም የሕዝብ መዝገብ ይገባል። በግሪኮች አገር መካከል ሳሉ በድንጋይ ላይ የሚጽፉት በላቲን ቋንቋ ነበር። ቅጥርዋ ዙሪያውን 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ነበረ ሰው በአንድ ሰዓት ዞሮ ይጨርሳታል፤ ልብዋ ግን በሮም ነበረ። ትንሽ ከተማ፥ ብዙ ኵራት።

እንግዲህ ወርቅዋ ያለቀባት፥ በጦርነት ስም የምትመካ፥ ሮማዊነትዋን እንደ ዘውድ የደፋች ይህች ከተማ ናት ሐዋርያው የመጣባት።

ዘመኑ 49 ወይም 50 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ከሲላስና ከጢሞቴዎስ ጋር በእስያ አገር ሲዘዋወር በአሰበው መንገድ ሁሉ ተከለከለ፤ ወደ ጢሮአዳም ወረደ። በዚያም በሌሊት በራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ መጥተህ ርዳን እያለ ሲለምነው አየ። በዚህ ስፍራ መጽሐፉን በማስተዋል የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ እስከዚያ ድረስ እነርሱ ሄዱ፥ እነርሱ መጡ እያለ ሲጽፍ ቈይቶ፥ ከጢሮአዳ ጀምሮ እኛ ማለት ይጀምራል። ከዚያ ጀምሮ ከመንገደኞቹ አንዱ እርሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ሐዋርያው ከፊልጵስዩስ ሲወጣ ግን እኛ የሚለው ቃል ይቋረጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐዋርያው እንደ ገና በፊልጵስዩስ በኩል ሲያልፍ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙዎች መምህራን፥ ሉቃስ በዚያች ከተማ አዲሶቹን ምእመናን እየጠበቀ ቀርቶ ነበር ይላሉ። የምናነበው ታሪክ እንግዲህ በዐይን ያየ ሰው የጻፈው ነው።

የሰንበት ቀን በደረሰ ጊዜ ሐዋርያት የጸሎት ስፍራ ፈለጉ። በሌሎች ከተሞች ቅዱስ ጳውሎስ አስቀድሞ የሚገባው ወደ ምኵራብ ነበር። በፊልጵስዩስ ግን የሚገባበት ምኵራብ አልተጠቀሰልንም። በአይሁድ ሥርዐት ለማኅበር ጸሎት ዐሥር ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ ምናልባት በከተማይቱ ይህን ያህል ቍጥር አልሞላ ይሆናል። የሚጸልዩትም ለመንጻት ውሃ እንዲያገኙ ከከተማው በር ወጥተው በወንዙ ዳር ይሰበሰቡ ነበር። ሐዋርያትም ወደዚያ ወርደው ተቀመጡ፤ በዚያ ያገኙአቸው ሴቶች ነበሩ። በራእይ ቆሞ የለመነው ወንድ ነበረ፤ በወንዙ ዳር ቃሉን ሊሰሙ የተገኙት ግን ሴቶች ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የታየኝ ሌላ ነው ብሎ አልተመለሰም፤ የጠበቀውን ሳይሆን የተሰጠውን ተቀበለና ተቀምጦ አስተማረ።

ከሴቶቹ መካከል ልድያ የምትባል ነበረች። እርስዋም የከተማው ተወላጅ አልነበረችም፤ በእስያ ካለችው ከትያጥሮን የመጣች እንግዳ ነበረች። ትያጥሮን በቀለም ነካሪዎችዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ዛሬ በቱርክ አገር አክሂሳር ትባላለች። የልድያ ንግድ በአማርኛው መጽሐፍ ቀይ ሐር የተባለው ነው፤ ይህም ባለጠጎችና ሹማምንት የሚለብሱት በውድ ቀለም የተነከረ ልብስ ነበር። ከዚህ ቀለም ምርጡ ከባሕር ቀንድ አውጣ በብዙ ድካም ጥቂት በጥቂት የሚገኝ ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነበረ። ልድያ እንግዲህ ራስዋን የቻለች ነጋዴ፥ ቤተ ሰብ የምታስተዳድር እመቤት ናት። ጌታ ልብዋን ከፈተላት፤ ሰማች፤ ከነቤተ ሰብዋም ተጠመቀች። በመቄዶንያ ምድር ስትጠመቅ በስም ተጽፋ የምናገኛት የመጀመሪያይቱ ሰው ይህች ናት። ከዚህ ቀደም በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ውሃ ባገኘበት ስፍራ ሠረገላውን አቁሞ እንደ ተጠመቀ እናውቃለን። እርሱ በመንገድ ዳር፥ እርስዋ በወንዝ ዳር፤ ሁለቱም ቤተ መቅደስ ሳይጠብቁ።

ልድያ በተጠመቀችበት ቀን ያደረገችውን ልብ በሉ። ልብዋ ሲከፈት ቤትዋንም ከፈተች። ለጌታ የታመንሁ እንደ ሆንሁ ከፈረዳችሁ ወደ ቤቴ ግቡ ብላ አጥብቃ ለመነቻቸው፤ ገቡም። ያ ቤት የፊልጵስዩስ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጥቂት ቀን ቈይቶ እንግዶችን መቀበል አደገኛ ሥራ ሆነ፤ እርስዋ ግን በርዋን አልዘጋችም።

አደጋው እንዲህ መጣ። በከተማይቱ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት አንዲት ገረድ ነበረች፤ ጌቶችዋም በጥንቈላዋ ብዙ ትርፍ ያገኙ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም መንፈሱን ባስወጣላት ጊዜ፥ ጌቶችዋ ያዘኑት ትርፋቸው ስለ ቀረ ነው። ነፍስ ከእስራት ስትፈታ ደስ ያላቸው አይመስሉም። ነገር ግን በገዢዎች ፊት ሲከስሱ ገንዘባችን ቀረብን አላሉም፤ እነዚህ አይሁድ ናቸው፥ እኛ ደግሞ ሮማውያን ነን አሉ። ስለ ዜግነት መመካት የገንዘብ መጐምጀት መሸፈኛ ሆነ። ይህ ነገር በዚያች ከተማ ብቻ የሚገኝ ነው ልንል እንችላለንን?

ሐዋርያትን ልብሳቸውን ገፍፈው በበትር ደበደቡአቸው፤ በውስጠኛው ወኅኒ አግብተው እግራቸውን በግንድ ጠረቁ። በመንፈቀ ሌሊት ግን ጳውሎስና ሲላስ ይጸልዩና ይዘምሩ ነበር፤ እስረኞቹም ያዳምጡአቸው ነበር። ድንገት ምድር ተናወጠች፤ ደጆች ተከፈቱ፤ የሁሉም እስራት ተፈታ። የወኅኒው ጠባቂ እስረኞች ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ከዘጠና ዓመት በፊት በዚያው ከተማ አጠገብ ካስዮስና ብሩቶስ ተስፋ በቈረጡ ጊዜ ያደረጉትን ሊያደርግ ነበር። የከተማይቱ ታሪክ ያስተማረው ይህን ነውና፤ የተሸነፈ ሰው ራሱን ይገድላል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በታላቅ ድምፅ ጠርቶ ሁላችንም ከዚህ አለንና በራስህ ክፉ አታድርግ ብሎ መለሰው። በዚያች ሌሊት ፊልጵስዩስ ሌላ ትምህርት ሰማች።

ጠባቂው በዚያችው ሰዓት ወስዶ ቍስላቸውን አጠበላቸው፤ ወዲያውም ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በትርጓሜው እንዳመለከተው፥ እርሱ የገላቸውን ቍስል አጠበ፥ እርሱም ከኀጢአቱ ታጠበ። ሲነጋ ገዢዎቹ በስውር ሊለቁአቸው ላኩ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ሮማዊ ዜጋ መሆኑን የተናገረው ያን ጊዜ ነው። ከመገረፍ ይድንበት ዘንድ በሚቻለው ሰዓት ያላነሣውን መብት፥ በስተ ኋላ ያነሣው ለራሱ አይመስለንም። እርሱ ሄዶ በኋላው ለሚቀሩት ለልድያና ለጠባቂው፥ ለጥቂቶቹ አዲሶች ምእመናን ከለላ እንዲሆን ነው። ገዢዎቹም ፈርተው መጥተው ለመኑአቸው። ሐዋርያትም ከወኅኒ ወጥተው በቀጥታ ወደ ልድያ ቤት ገቡ፤ ወንድሞችንም አጽናንተው ሄዱ።

እንግዲህ የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት እነዚህ ናቸው፤ አንዲት የባዕድ አገር ነጋዴ፥ አንድ የወኅኒ ጠባቂና ቤተ ሰቦቻቸው። ወርቅ የለም፥ ሠራዊት የለም፥ ሕንጻ የለም። ነገር ግን ይህች ትንሽ ማኅበር ያደረገችውን ታላላቆቹ አላደረጉም። ሐዋርያው በተሰሎንቄ ሳለ ከአንድ ጊዜ በላይ ርዳታ ላኩለት። ከመቄዶንያ በወጣ ጊዜም በመስጠትና በመቀበል ከእርሱ ጋር የተባበሩ እነርሱ ብቻ እንደ ነበሩ ራሱ መስክሮላቸዋል። ይህን ያደረጉት ተርፎአቸው አይደለም፤ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8 እንደምናነበው የመቄዶንያ ምእመናን ከጥልቅ ድህነታቸው የሰጡ ነበሩ። ሐዋርያው ታስሮ ሳለ አፍሮዲጡን ስጦታ አስይዘው ላኩት፤ መልእክተኛውም እስከ ሞት ታምሞ ነበር። አፍሮዲጡ ሲመለስ ቅዱስ ጳውሎስ አራት ምዕራፍ ያላትን መልእክት ጻፈላቸው። ከእስር ቤት የተጻፈች ስትሆን ከመልእክቶቹ ሁሉ ደስታ የበዛባት ናት።

አሁን የከተማይቱን ታሪክ ካወቅን በኋላ መልእክቱን ስንሰማ፥ ሐዋርያው አገራችን በሰማይ እንደ ሆነ ሲያስተምር ቃሉ ለምን እንዲህ እንደ ከበደ ይገባናል። የጻፈው በመቄዶንያ ተቀምጠው ሮም አገራችን ናት ለሚሉ ሰዎች ነው። ስማቸው በሩቅ ከተማ መዝገብ መጻፉ ምን ያህል ክብር እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ እርሱም ከዚያ የሚበልጠውን መዝገብ አሳያቸው። ደግሞም ኤዎድያና ሲንጤኪ የተባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ልብ እንዲሆኑ ለመናቸው። እነዚህ ከእርሱ ጋር በወንጌል የተጋደሉ ናቸው፤ ነገር ግን ተጣልተው ነበር። በወንዝ ዳር በሴቶች ጸሎት የተጀመረችው ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሴቶች ጠብ እንዳትናወጥ ሐዋርያው ፈራ። ከጠላት በትር ይልቅ የወዳጆች መኳረፍ አስጨነቀው።

ማኅበሩ በሐዋርያት ዘመን ብቻ ታይቶ የጠፋ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ በሮም ለአራዊት ሊሰጥ ታስሮ ሲወሰድ በፊልጵስዩስ አለፈ፤ ምእመናኑም ተቀብለው ሸኙት። ከዚያም የቅዱሱን መልእክቶች እንዲልክላቸው የሰምርኔሱን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ፖሊካርፖስን ለመኑት፤ እርሱም የጻፈላቸው መልእክት እስከ ዛሬ አለ። በዚያ መልእክት ዋሌንስ የተባለ ቄሳቸው በገንዘብ ፍቅር እንደ ወደቀ ተጠቅሶ፥ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ታመመ አካል ቈጥረው እንዲመልሱት ይመክራቸዋል። እንደምታዩት ቅዱሳን የተመላለሱባት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከፈተና አልዳነችም።

በኋላ የሰላም ዘመን መጣ። በአራተኛው መቶ ዘመን ጶርፊርዮስ የተባለው ኤጲስ ቆጶስ በቅዱስ ጳውሎስ ስም በተሠራች ቤተ ክርስቲያን ወለሉን በጠጠር ሥዕል አስጌጠ፤ ስሙ የተጻፈበት ወለል ተቈፍሮ ተገኝቶአል። በዚያው ቦታ በ400 ዓመተ ምሕረት ገደማ ስምንት ማዕዘን ያላት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራች፤ በአጠገብዋም ማጥመቂያና የኤጲስ ቆጶሱ ቤት ነበሩ። በ500 አካባቢ ሌላ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ በላይ ተሠራ። በ550 አካባቢ ደግሞ በቍስጥንጥንያ አምሳል ጕልላት ያለው ሌላ ተጀመረ፤ ነገር ግን ጕልላቱ ወደቀና ሕንጻው በታቀደው መልክ ሳይፈጸም ቀረ። በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይም ጽኑ የመሬት መናወጥ ከተማይቱን መታት፤ የጦር ወረራም ተጨመረባት። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ክብርዋ አልተመለሰችም። ጥቂት ሰዎች በፍርስራሹ መካከል ቈዩ፤ ግንብም ተሠራ፤ በመጨረሻ ግን ባዶ ቀረች። በቱርኮች ዘመን የአገሩ ሰዎች የጕልላቱን ቤተ ክርስቲያን ስም ረስተው ምሰሶዎች ብለው ብቻ ይጠሩት ነበር።

ምእመናን ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በፊልጵስዩስ ምድር ሁለት ጊዜ እንደ ተናወጠች አይተናል። በመጀመሪያው መናወጥ ወኅኒ ቤት ተከፈተ፥ በኋለኛው መናወጥ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። በመጀመሪያው ጊዜ ምእመናኑ አንዲት ቤት ብቻ ነበረቻቸው፤ በኋለኛው ጊዜ ዕብነ በረድ፥ ጕልላትና የጠጠር ሥዕል ሞልቶላቸው ነበር። ሕንጻ መሥራት ክፉ ነው አንልም፤ አባቶቻችን አለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያነጹ ናቸውና ይህን ልንል አይገባንም። የምንለው ድንጋይ እምነትን አይጠብቅም፤ እምነት ግን ድንጋይ ከወደቀ በኋላም ይኖራል ነው። ንጉሥ ፊልጶስ የሰጣት ስም በሰው አፍ እስከ ዛሬ የሚነገረው በወርቁ ምክንያት አይደለም፤ ድሆች ሰዎች ለታሰረ ሐዋርያ ስጦታ ስለ ላኩ ነው። ቅጥሩ ፈርሶአል፥ ወርቁ አልቆአል፤ በግእዝ፥ በአማርኛና በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የሚነበበው ግን የምስጋናው ደብዳቤ ነው።

ከ1914 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የፈረንሳይ ሊቃውንት፥ በኋላም የግሪክ ሊቃውንት ፍርስራሹን ቈፍረው ገለጡት፤ በ2016 ዓመተ ምሕረትም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አደባባዩን፥ ቲያትሩን፥ የመንገዱን ድንጋይና የአብያተ ክርስቲያናቱን ዓምዶች ያያል። የሐዋርያው ወኅኒ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን የተከበረ አንድ ዋሻ መሰል ክፍልም አለ፤ ሊቃውንት የጥንት የውሃ ጕድጓድ ነው ይላሉ። በአጠገቡ ያለው መንደር የጥንቱን ስም ይዞ ክሪኒዴስ ይባላል፤ ምንጮች ማለት ነውና፥ ከተማይቱ ወደ መጀመሪያ ስምዋ ተመለሰች። ወንዙ ግን አሁንም ይፈስሳል። በዳርቻው በ1974 በልድያ ስም ማጥመቂያ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶአል፤ በወንዙም ውሃ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠመቃሉ። ከተማይቱ ሞተች፤ ወንዙ አልሞተም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጥምቀት በዓል ታቦቱን አጅበን ወደ ወንዝ የምንወርድ ሕዝብ የወንዝ ዳር ጸሎት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ከዚህም በላይ ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎች በባዕድ አገር ይኖራሉ። በሰው ከተማ፥ ቤተ መቅደስ በሌለበት፥ በአንድ ሰው ሳሎን ወይም በተከራዩት አዳራሽ ለጸሎት የሚሰበሰቡ አሉ። አንዳንዶቹ ይህ ቤተ ክርስቲያን ይባላልን ብለው ያዝናሉ። ልድያም እንግዳ ነበረች፤ ማኅበርዋም ከከተማው በር ውጭ ነበረ። ቦታቸው ጠባብ ስለ ሆነ አይዘኑ፤ ይልቅስ ቦታው ሲሰፋና ሕንጻው ሲያምር እንደ ኤዎድያና እንደ ሲንጤኪ እንዳይለያዩ ይጠንቀቁ። በአዳራሽ ሳሉ አንድ የነበሩ፥ ሕንጻ ከገዙ በኋላ በወገንና በገንዘብ የተከፈሉ ስንት ናቸው? ይህን የምንናገረው ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም በአገራችን ያለነው ከዚህ በሽታ ንጹሓን አይደለንምና።

እያንዳንዳችንም ራሳችንን እንጠይቅ። ነጋዴው ልድያን ይመልከት፤ ከንግዱ ለእንግዳና ለታሰረ የሚተርፍ በር አለውን? ባለ ሥልጣኑ የወኅኒውን ጠባቂ ይመልከት፤ በእጁ የወደቀውን የሰው ቍስል ያጥባልን? በዘሩና በዜግነቱ የሚመካ የገረዲቱን ጌቶች ይመልከት፤ ከትምክሕቱ በስተ ኋላ የተደበቀው ምንድር ነው? ተስፋ የቈረጠም ሰው በጨለማ የተሰማውን ድምፅ ያድምጥ፤ ሁላችንም ከዚህ አለን፥ በራስህ ክፉ አታድርግ የሚል ወንድም በአጠገቡ እንዲገኝ እኛ እንጸልይ፤ እኛ ራሳችንም ያ ወንድም እንሁን።

የልድያን ልብ የከፈተ አምላክ የእኛንም ልብ ይክፈትልን፤ ልባችን ሲከፈትም ቤታችንን እንዳንዘጋ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።